መርከብ መረጣ በሐረጎ

ልጃችን ነጂብ በስልክ ሁለት መርከብ ላከ፤
አንዱ ዐሥራ አራት ፎቅ፣ ደመና የታከከ፣
ሲኒማ ያለበት፣ ዋና ያለበት ሰማይ ሥር፣
አራት ሺህ ሰው ጭኖ፣ ሌት ከተማ መስሎ የሚያድር።
አንዱ ደግሞ ትንሽ፤
ስድሳ ሰው ይበዛዋል፣ ጎኑ ነጭ፣ ወገቡ ቀጭን፣
ጠባብ ወደብ ሁሉ የሚገባ፣ ደሴት ለደሴት የሚያዘግም ቀን በቀን።
“ምረጡ” ይላል ከሥሩ። “ወጪው በኔ። ዐሥር ቀን።”
ምረጡ!
እኛ፣ ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
አንድ አልጋ ለመምረጥ ሁለት ዓመት የፈጀብን።

ትልቁን አውቀዋለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት አሰብ ድረስ ተሳቢ ጎትቼ፣
ባቲን በጨለማ ወርጄ፣ ሚሌን በጠራራ ገብቼ፣
ማዳበሪያ እስኪራገፍ ከሆዱ ሥር ቆሜያለሁ፣ ወረፋ እስኪደርሰኝ።
ግድግዳ ነው። ፊት የለውም። ቀና ስል አንገቴን አመመኝ።
አንድ ቀን ከላይ አንድ ሰው የብርቱካን ልጣጭ ጣለ፤
እኔን አላየኝም፤
ልጣጩ ግን ዛሬም እዚህ፣ አናቴ ላይ አለ።
“ትንሹ” አልኩ። “ሰው በስሙ የሚጠራበት።”

አሚናት፣ ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ
ክር የቀጠለ ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች።
“ትልቁ” አለች።
ደነገጥኩ።
“ከቤቴ እስከ ፋብሪካው በር ስንት ሰላምታ አለ?
ጉልበቴን የሚጠይቀኝ፣ ‘ሾፌሩ ገባ ወይ?’ የሚለኝ፤
አራት ሺህ ሰው መሃል፣ ዐሥር ቀን ማንም አይወቀኝ።
የይማም ሚስት አልባል። የነጂብ እናት አልባል።
እንዲያው አንዲት ሴት፣ ባሕር ስታይ የዋለች ልባል።”

“ሐረጎ ላይ የምትታመሚ ሴት!” አልኩ።
“ትንሹ ነው የሚንጥ” አለች።
ክርክሩ ሦስት ቀን ቆየ፤ በአራተኛው ልምምድ ወጣን፤
ሽቅብ ደሴ በትንሹ፣ ቁልቁል በትልቁ ልንመጣ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚኒባስ።
ዐሥራ ሁለት ወንበር ላይ ዐሥራ ስምንት ሆነን ተሰፋን፣
ጉልበቴ በሰው ጀርባ፣ የሰው ዶሮ እግራችን ሥር፣ ለአየር ተጋፋን።
ሁለተኛው እጥፋት ላይ የአሚናት ፊት ገረጣ፤
አንዷ ሎሚ አወጣች፣ አንዱ መስኮት ገፋ፣ ረዳቱ ዘፈኑን ቀነሰ፣
የማናውቃቸው እናት እጃቸው ከጀርባዋ ደረሰ፤
“አፊያ ያርግሽ” አሉ።
ቧንቧ ውሃ ስንወርድ የሁሉንም ስም ይዘናል፣
የሁለቱን ስኳር በሽታ፣ የአንዱን የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሰምተናል።
“አየሽ? ትንሽ መርከብ ይኸው ነው።”
“አየሁ” አለች፣ ሎሚዋን እያሸተተች። “ይሄን ዐሥር ቀን?”

አመሻሽ ላይ፣ ትልቁ አውቶቡስ። ቁጥር ያለው ወንበር፤
መጋረጃ፤ ዝምታ፤ ከየት መጣችሁ የሚል አልነበር።
እሷ በመስኮት በኩል። ከታች የቦርከና ሜዳ ጉም ለብሶ፣
ነጭ፣ ዳር የሌለው፣ ጎጆውን ሁሉ ውጦ፣ መንገዱን ጨርሶ።
አልታመመችም። አልተናገረችም።
እንደዚያ ያለ ፊት ሰርጋችን ላይ እንኳ አላየሁባትም።

እኔ ግን፣
በየእጥፋቱ ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል፤
የሌለ ፍሬን።
ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ እግሬ አይደለም፣ ለካ።
አሚናት ሳትዞር እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች፤
የተበጠሰ ክር እንደምትፈልግ የሱሪዬን ጨርቅ ዳበሰች።

ማታ እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፦
“ልጄ፣ ትልቁም ትንሹም ግድ የለም።
መስኮት ይኑረው። ከሾፌሩ ይራቅ።
አባትህ ፍሬን የማያስፈልገው ቦታ ፈልግልን።”

ሌሊት ስልኩ በራ።
“እማ፣ መርከብ ፍሬን የለውም።”

አነበብኩላት። እስክታነባ ሳቀች፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።
እኔ እስኪነጋ አልተኛሁም።