አይጣል

ሸዋ ሮቢት፣ ቀወት፣ ከጀውሃ ወዲህ፣
ነሐሴ ሲመሽ ላይ ጎንበስ ብዬ እንዲህ፣
በወረንጦ ጫፍ ላይ ትንፋሼን ሰብስቤ
ቢጫ እምቡጥ እፈታለሁ፣ ጣት ሆኖ ሐሳቤ።
ወንዴውን ለቅሜ፣ ሴቴዋን አስቀርቼ፣
ቀይ ክር አስሬባት እሄዳለሁ ትቼ።
በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣
የሌላውን ዱቄት ይዤ በጣቴ ጫፍ፣
ሽማግሌም የለ፣ ጥሎሽም የለባት፣
እድራታለሁ ቶሎ፣ ፀሐይ ሳይወጣባት።

ሌላው ተክል ሁሉ ፍሬውን ሰቅሎ
ላላፊ ላግዳሚው ያሳያል፣ «እዩኝ» ብሎ፤
ኦቾሎኒ ብቻ፣ ምን ምስጢር ቢኖራት፣
አበባዋ ሲረግፍ አፈር ነው የሚጠራት፤
እትብቷን ታወርዳለች፣ ቀጭን እንደ መርፌ፣
ራሷ ትቀብረዋለች፣
እኔ ቆሜ ሳይ፣ ደብተሬን ታቅፌ።

ስድስት ክረምት ሆነ።
አንዱን ዓመት ዝናቡ በነሐሴ አጋማሽ ጥሎን ሄደ፤
አንዱን ዓመት ቅጠሉ በጠቃጠቆ ነደደ፤
አንዱን ዓመት ሻጋታ ጎተራ ገባ፣
አረንጓዴ አቧራ፣ የመርዝ አበባ።
ከሞተው ያልሞተውን ለቅሜ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣
ከመቶ አርባው መስመር ሃያ አራት አስቀርቼ፣
ዘጠኝ ቁጥርን ወደድኩ። ፍሬው ደንዳና ነው፣
በሄክታር ሲሰላ የሚደርስበት ማን ነው?
ሃያ ሦስት ቁጥርን ግን፣ ፍሬው አነስ ቢል፣
በእርሳስ ጻፍኩበት ከጎኑ፦ «ይጣል።»

ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሦስተኛው ቀን
ገበሬ ጠርተን፣ ቆርቆሮ ደርድረን፣
«ለወደዳችሁት ቁጥር በቆሎ ጣሉ» አልን፤
ለአንድ ሰው ሦስት ፍሬ፣ ብለን አስረዳን።
ሸህ እንድሪስ መጡ በከዘራ ታግዘው፣
ሸዋንግዛው ከነልጁ፣ ማጭዳቸውን ይዘው።
እኔም የዘጠኝን ፍሬ በሰፌድ ዘርግቼ
ስለ ኩንታል አወራሁ፣ ምራቄን ጨርሼ።

እትዬ ደብሪቱ አላዳመጡኝም፣
ሰፌዱ ላይ ያለውን ዞር ብለው አላዩም።
ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አገለደሙ፣
ወደ ማሳው ገቡ፣ ዘጠኝ ፊት ቆሙ፤
ዋልካው እንደ ጡብ ደርቋል፣ ተሰነጣጥቆ፣
ሳቡት። ወጣ ሥሩ፣ ከፍሬው ተላቅቆ።
ሦስት ብቻ አንጠልጥሎ። የቀረው እዚያው ነው፣
ከመሬቱ ሆድ ውስጥ፣ እትብቱ ተበጥሶ ነው።
ቀና ብለው አዩኝ፦
«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የለፋኸው
ለጃርት ኖሯል እንዴ?»
ሰው ሁሉ ሳቀ።
«ኩንታሉን አንተ ቁጠር። እኔ የማውቀው
ኅዳር ላይ ጥፍሬ ነው በዚህ ዋልካ የሚያልቀው።»

እውነት ነው። እኛ ማሳውን ውኃ አጠጥተን፣
በቀን ሠራተኛ ነበር የለቀምነው፣ ቆፍረን።

ከዚያ አለፉ። አሥር፣ አሥራ አራት፣ ሃያ፣
እየሳቡ እየጣሉ፣ እንደ በግ ገበያ፤
ሃያ ሦስት ላይ ጎተቱ። ኮሽ አለ መሬቱ፣
ሙሉ ቤተሰብ ወጣ፣ አንድ ሳይቀር ከናቱ፤
እንደ ግምጃ ቤት ቁልፍ ተንጠልጥሎ ፍሬው።
አራገፉት፣
አፈሩ ረገፈ፤ ፍሬው ግን እዚያው ነው።
«እትብቱ ጠንካራ ነው» አሉ፤ ሌላም አላሉ፣
በቆሏቸውን ሦስቱንም ቆርቆሮው ውስጥ ጣሉ።
ኳ። ኳ። ኳ።
ሸህ እንድሪስ ተከተሉ፣ ከዚያ ሸዋንግዛው፣
ከዚያ ማን እንደሆነ እንጃ፣ አልቆጠርኩም ብዛቱን ሰው።

ማታ ቆርቆሮ ገልብጬ በፋኖስ ስቆጥር
የዘጠኝ ሁለት ነበር።
አንዱ የራሴ ነበር።

ላጲስ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ደብተሬን ገለጥኩት፣
«ይጣል» የሚለውን ቃል ቁጭ ብዬ አየሁት፤
ከፊቱ ባለች ጠባብ ቦታ «አ»ን አስገባሁ፣
ፋኖሱን አጠፋሁ።
ከዘጠኝ ቁጥር ማሳ፣ ከጨለማው ማዶ፣
ጃርት ሲምስ ይሰማል፣ አፈሩን ንዶ።