ብርና እርድ

በካታክ ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ሰፈር፣
ባናማሊ ብሩን እየሳበ እንደ ጠጉር፣
የስንቱን ልጅ ዳረ ቀለበቱን ሠርቶ፤
ዛሬ አልጋ ላይ ዋለ ለጭረት ተረትቶ።
ሦስት ዓይነት መርፌ፣ ኪኒኑም ተሰጠ፤
ጀርሙ እንደ ቁርሱ አላምጦ ዋጠ።

ልጁ ሊፒካ ግን ሌሊቱን ተግታ፣
ካባቷ ፍርፋሪ ብሩን አሟሙታ፣
እርድ ጠብ ስታደርግ ጠርሙሱ ጠየመ፣
ዓይን የማያየው ብር በሆዱ ታደመ።

ነጋ። ሳህኑን ከፈተች።
ከጀርሙ ጉም መሀል አንድ ክብ ጠርቷል፣
እርድም እንደ ስሙ ዙሪያውን አርዷል።

ሳህን እግር አይደለም፤ እሱንም ታውቃለች፤
ግን ስልኳን አውጥታ ላባቷ አሳየች።
ለሰው ሲሠራ ኖሮ ለሷ ያልደረሰ
ቀለበት መሰለው፤ መነጽሩን አበሰ።
“ብየዳው የት ጋ ነው?”
አለ።