አሥራ ዘጠኝ

ማክሰኞ ማታ ነው። ረሆቮት፣ ቂርያት ሞሼ።
ከፋብሪካ ወጥቼ፣ ሸሚዜን ለብሼ፣
ማትናሱ አዳራሽ ላስተረጉም መጣሁ፤
በሰዓት ሃምሳ ሸቅል፤ ሻዩን በነጻ ጠጣሁ።

ሲጋሊት፣ ከከተማው ምክር ቤት የመጣች፣
ግድግዳው ላይ በብርሃን መሰላል አበራች፤
ቁልቁል የሚወርድ መሰላል፦
ካቻምና አርባ አንድ ልጅ፣
አምና ሠላሳ፣
ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ።
ፖሊስ ይዞ መዝገብ ላይ ያሰፈራቸው፣
አሥራ ስምንት ዓመት ገና ያልሞላቸው።

"ቁጥሩ ሲወርድ፣" አለች፣ "ሰፈር ይሻለዋል፤
የማኅበረሰቡ..." እና አንድ ቃል። ቃሉን ማን ይችለዋል?
በዕብራይስጥ ጤናም ነው፣ ጥጋብም፣ ሰላምም፤
በእኛ ቋንቋ ፈለግኩት፤ ቶሎ አልመጣልኝም።
"ደኅንነት" አልኩ በመጨረሻ።
አዳራሹ ዝም አለ።
አባ አለልኝ ከኋላ፣ ሳል እየቀላቀለ፦
"የትኛው ደኅንነት ነው ልጄ? ግለጥልን እስቲ።
ያ ድሮ በሌሊት መጥቶ በር የሚደበድበው?
ወይስ ጧት ለጎረቤት በ'ደኅና አደርክ' የምናቀርበው?"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። "ምን አለ?" ብላ ጠየቀች።
"አመሰገነ" አልኳት። ደስ አላት፤ ጻፈች።

ያኔ ትርንጎ ተነሣች። የጽዳት ሠራተኛ ናት፤
ያንኑ አዳራሽ በየማታው የምትወለውል እናት።

"ልጄ ሊሮን ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ የለም፤
ፈጣሪ ይመስገን። ግን ከቤትም አይወጣም።
ከፋሲካ ወዲህ ፀሐይ አልነካውም፤
ዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ተነቅሏል፤ መቀመጫ የለም።
ሰባት ጊዜ መንገድ ላይ አስቁመው ፈትሸውታል፤
ሰባቱንም ጊዜ 'ሂድ' ብለው ለቀውታል።
አልተያዘም አይደል? መዝገብ አያውቀው።
ሰው ሲከሳ ቀለለ እንጂ፣ ዳነ ይባላል ወይ?
ደግሞስ መያዝ፣ መያዝ ትላላችሁ፤
ልጅማ ሊያዝ ይገባዋል! እጁን ማን ያዘው ብላችሁ
ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?"

አድማሱ ከጥግ እጁን አወጣ። የወጣቶች መሪ ነው፤
ምድር ቤቱን ለልጆቹ ሌሊት የከፈተው።
"እኔ ስድስት አውቃለሁ" አለ፤ "ስድስቱ እውነት ድነዋል።
አንዱ ጋራዥ ገብቷል፣ አንዱ ጊታር ይዟል።
ቁጥሩን እንዳለ አትጣሉት።"
እሱም እውነቱን ነው። ያንንም አስተረጎምኩ፤
ሁለቱንም እውነት ባንድ ምላስ ተሸከምኩ።

ሲጋሊት እስክሪብቶዋን አንሥታ ብዙ ቆየች።
"የትርንጎን የት ላግባው?" አለችኝ። "ዓምድ የለውም" አለች።

ወንበሩን አጣጠፍን፤ ሰው ተበተነ ከዚያ በኋላ።
የተቆጠረው ሌላ ነው፣ ልባችን የቋጠረው ሌላ።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት። የብርቱካን እርሻ
የነበረው ሜዳ ላይ፣ ከመኪና ማቆሚያው መጨረሻ፣
ሊሮንን አየሁት፤ ቆሻሻ ደፍቶ ሲመለስ፣
ቆቡን እስከ ቅንድቡ ጎትቶ፣
እጆቹን ኪሱ ከትቶ።
"ደኅና አመሸህ?" አልኩት ከጨለማው።
ማን እንደሆንኩ ሳያይ፣
ድምፄን ገና ሳይለይ፣
ሁለት እጁን ከኪሱ አወጣ፤
ዘርግቶ አሳየኝ፣
መዳፉ ባዶ፣ ጣቱ ባዶ፣
ሳልጠይቀው።

ከዚያ ለየኝ። ፈገግ አለ።
እጆቹ ግን ወደ ኪስ ለመመለስ ቆዩ።