መታጠፊያው ላይ

አርብ ማታ ነው ቀኑ፤ ቀለም መርጨት ትቶ፣
ወንድሜ ኢንቾን ላይ፣ ከፈረቃ ወጥቶ፣
እኔ ኡላንባታር፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣
የከተማው ጢስ ቁልቁል፣ እንደ ባሕር ሲታይ፣
መኪና እንነዳለን፣ በጌሙ ጎዳና፤
እሱ ፊት ፊት ሄዶ፣ «ና» እያለኝ «በል ና»።
ወሬያችን ከሞተር፣ ድምፅ ጋር ተቀይጦ፣
«እማዬ ደህና ናት?» ይለኛል አፍጥጦ፤
መንገዱ ላይ እንጂ፣ ፊቴን አያይ እሱ፤
ፊት ለፊት ሲሆን ነው፣ የሚጠፋው ምላሱ።

ኅዳር ላይ ጀመረው። ላፕቶፑ ሰነፈ።
አሥር ደቂቃ ሮጦ፣ እግሩ ተቆለፈ፤
ስልሳ የነበረው፣ ፍሬም በሰከንድ፣
እያሽቆለቆለ፣ ገባ ዐሥራ አንድ።
መሪውን ሳዞረው፣ መኪናዬ ዘግይታ፣
ልትታጠፍ ታስባለች፣ ገደል ውስጥ ገብታ።
የወንድሜም ድምፁ፣ ቃሉ እየተበላ፣
«የት ቀረህ?» ይለኛል፣ ከስንት ጊዜ ኋላ፤
«መታጠፊያው ላይ ነህ፣
እንደ ሐውልት ቆመህ!»

አህያውን ፈርቼ፣ ዳውላውን ደበደብኩ፤
ጥላውን አጠፋሁ፣ ሣሩን ሁሉ አጨድኩ፤
ውሃው ፕላስቲክ ሆነ፣ ዛፉ ቅጠል አጣ፣
ጨረቃዋም ቀረች፤ ቁጥሩ ግን አልመጣ።
ድራይቨር ቀየርኩ፣ አዲሱን፣ አሮጌውን፤
ቫይረስ አሳደድኩ፣ በቤቱ የሌለውን፤
«ኢንተርኔቱ ነው» ብዬ፣ ጎረቤት አማሁ፤
ዊንዶውሱን ከሥሩ፣ ነቅዬ ተከልሁ፤
የእህቴን ሠርግ ፎቶ፣ በስሕተት አጠፋሁ።
(እስካሁን አልነገርኳትም።)

ዳሽዜቬግ ጋ ሄድኩኝ፣ ሙያው ከታወቀ፤
ሆዱን ከፍቶ ሳያይ፣ ከት ብሎ ሳቀ፤
«ይሄ አርጅቷል ልጄ፣ ሌላ ግዛ» አለኝ፤
ክዳኑ አቧራ ላይ፣ ዋጋ ጻፈልኝ፣
በጣቱ።

እናቴ ኦዩንጌረል፣ ከሰል አንዳጇ፣
የትምህርት ቤት ቦይለር፣ ነው መተዳደሪያዋ፤
ጌም አታውቅም እሷ፣ ለፍሬም ግድ የላት፤
ልትተኛ ስትል፣ ጩኸቱ ነው ያስነሣት።
መዳፏን አስጠጋች፣ ከጎኑ ቀዳዳ፤
እንደ ታመመ ልጅ፣ እንደ ግንባር ባዳ፣
ቆይታ ቆይታ፦
«ይጮሃል፣ ይግላል፣ ትንፋሽ ግን አይተፋም፤
የታፈነ ምድጃ፣ ብትገርፈው አይፋፋምም።»

በመነጽር መፍቻ፣ ሆዱን ከፈትንለት፤
አንዱ ብሎን ሾልኮ፣ ምንጣፍ ሥር ገባበት።
ማራገቢያው ጥርስ ላይ፣ ሱፍና ጥላሸት፣
ተዳምጦ ተዳምጦ፣ ሆኗል እንደ ድሪት፤
ስንት ክረምት ሙሉ፣ እየተሽከረከረ፣
እንደ እኛ ቤት የሱፍ፣ ድንኳን ለራሱ እየሠራ ነበረ።
መሃሉ ላይ ቀይ ክር፣ ብጣቂ አየች እሷ፤
ለዞልጃርጋል ያለችው፣ ሹራብ ነው የራሷ፤
ሳይሄድ፣ ደረቱ ላይ፣ አስተኝቶት ሲያድር፣
ላፕቶፑ የማጋት፣ ያቺን ቀጭን ክር።
ጥላሸቱ ወደ እሳት። ክሯ ወደ ኪሷ።

ማቀዝቀዣ ቅባት፣ ዳሽዜቬግ ሸጠልኝ።
ይህን ጊዜ አልሳቀም።

አርብ መጣ። ስልሳ። ስልሳ። ስልሳ።
ሣሩን መለስኩለት፣ ጥላውንም ለዛፉ፤
ጨረቃዋም ወጣች፣ ከተራራው አፋፉ።
ገደሉን አለፍኩት፣ ቢጫዋን ቀደምኳት፤
«አንተ ልጅ፣ ምን በላህ?» አለ፤ ሳለ፤ ሳቀ።
ሳለ።
እንደ ጠራ ውሃ ጥርት ብሎ ተሰማ፤
ስንት ወር በተቆራረጠው ድምፅ መሃል
እኛ ማሽኑ ነው ስንል የነበረው።

እናቴ ቡትቶዋን ጣለች፣ ማዳመጫውን
ከጆሮዬ ላይ አነሣች፣ ገልብጣ አጠለቀችው፤
ማይኩን በሁለት ጣት ይዛ፣ እንደ ትኩስ ከሰል፦
«ልጄ፣ ያ የምትረጭበት ክፍል
መስኮት አለው?»

ሞተር ብቻ። የሱም፣ የኔም።
ስክሪኑን አየሁ። ቢጫዋ መኪና
መታጠፊያው ላይ ቆማለች፣ መብራቷ በርቶ።
ቁጥሩን አየሁ፦
ስልሳ።