የኤፊ ልክ

ቅዳሜ ነው፤ ደንዲን ዝናብ ይዟታል፣
ጭጋጉ ከወንዙ ወጥቶ መስኮቴን ልሶታል።
አውቶቡሴ ጋራዥ ውስጥ፣ እኔ ወለል ላይ ነኝ፣
ስፒል በጥርሴ ይዣለሁ፤ እንዳታናግሩኝ።

ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣
በሃምሳ ፔንስ ያገኘሁት፣ ከተሰበረ ካውያ
ጋር የተጣለ ፖስታ።
ሽፋኑ ላይ የቆመችው ሴት ወገቧ የተርብ ነው፣
ሳንባዋን የት እንዳኖረች የሚያውቀው ሰዓሊው ነው።
ሽንሽኗ እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ፣
እጇ በነጭ ጓንት ገብቶ፣
ለመሄድ ተዘጋጅታለች፤ ግን መሄጃ የላትም ሌላ፣
ከፖስታው በቀር።

ወረቀቱ ሲፈታ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንኮሻኮሸ፤
ድመቴ መጥታ እጅጌው ላይ ተኛች፣
«ተነሺ» ብላት ጆሮዋን ብቻ አነቃነቀች።

እርሳሱን ያየሁት ያኔ ነው፤
ከታተመው መስመር ጎን፣ በቀጭን የእጅ ጽሕፈት፦
«ኤፊ። ሚያዝያ። ከወገብ አንድ ጣት ይለቀቅ።»
ዝቅ ብሎ፦ «ሰኔ። ሌላ ሁለት ጣት ይለቀቅ።»
ነሐሴ ላይ መስመሩ ሆዱን ገፍቶ ወጣ፣
እርሳሱ ተጫነ፣ ወረቀቱም ተበጣ።

በጣቴ ቆጠርኩ፣ ሴት ሁሉ እንደምትቆጥር፤
ኅዳር ላይ ልደርስ ነበር፤ ግን ከሁሉም ውስጥ አንድ መስመር፣
ከታተመውም ጠቦ፣ እንደ በረደው ሰው ተኮራምቶ፦
«ጥቅምት። ይጥበብ።»
ስንት ጣት፣ አይልም።
ለምን፣ አይልም።
ገልብጬ ፈለግሁ፤ የሕፃን ቀሚስ፣ የኮፍያ ቅድ፣ ምንም።

ከታች ቤት ዱጋል መጡ፣ መኪናዬን ዘይት ሊቀቡ፤
ስለ ኤፊ ብጠይቃቸው፣ መነጽራቸውን እያነሱ፦
«በዚያ ዘመን እዚህ ከተማ ከሁለት ሴት አንዷ ኤፊ ናት» አሉ፣
የመርፌውን ብሎን አጥብቀው ወረዱ።

ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠመጠምኩ።
ልክ ሁለት ነው እንግዲህ፦ አንዱ ቁጥር፣ አንዱ እውነት፤
የእኔው ነሐሴ ላይ አረፈ፣ ከኤፊ ሰፊው መስመር፤
ግን ከአጃ ገንፎ፣ ከአስራ ዘጠኝ ዓመት የሾፌር ወንበር
በቀር፣ ያረገዝኩት የለም።
ይሁና። ጠባቡን ለተርቧ፤ ለእኔ ሰፊ ይሻለኛል፣
ሰፊም እኔው ነኝ፤ ማን ይቆጣኛል?

አስር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ ይላሉ፤
አስራ አንድ ጊዜ ለካሁ፣ እጆቼ ግን ፈሩ።
ለመጋረጃ የታሰበ አረንጓዴ ጥጥ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለው፣
መቀሱ ሲገባበት እንደ በረዶ ጮኸ።
የግራውን እጅጌ በቀኝ ሰፋሁት፤ ተረተርኩ።
ዚፑ እንደ ወንዙ ተጣመመ፤ ተረተርኩ።
እሁድ ማታ፣ ጠርዙን ስዘመዝም፣
ለብሳው ይሆን? አልኩ፤ ወይስ ጨርቁ ሳይገዛ ቀረ?
ስፌት ይህን አይናገርም። ስፌት የሚያውቀው
የት እንደለቀቁ፣ የት እንዳጠበቁ ብቻ ነው።

ሰኞ ከሥራ ካፖርቴ ስር ለብሼው ወጣሁ።
ማንም አላየም። ቀይ መብራት ላይ ስቆም
ሽንሽኑ ጉልበቴ ላይ ይተነፍስ ነበር።

ማታ ወረቀቱን ላጥፍ፤ አንዴ የተዘረጋ
መቼ ወደ ፖስታው ይመለሳል!
ከማጠፌ በፊት ግን እርሳስ ፈልጌ፣
ከጥቅምት ስር፣ ትንሽ ቦታ ትቼ፦
«ኢሽቤል። መጋቢት። በነሐሴው መስመር ቆርጫለሁ።
ኪስ ጨምሬበታለሁ።»