የአልዩ አምባው ድንጋይ

የአባቴ ድንጋይ ወገቡ ጎድጉዶ፣
አርባ ዓመት ሙሉ በምላጭ ተሞርዶ፣
ባለፈው ጥቅምት ላይ ከእጄ አምልጦ ወርዶ
ሲሚንቶው ላይ ሁለት ሆነ።
አባቴ ከጓዳ ሰማ፤ ሳሉን ብቻ አፈነ።

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከመናኸሪያው አጥር፣
አንድ ወንበር አለኝ፣ እንደ እንቁራሪት ሲዞር የሚያንቋርር።
ጎረምሳው በሙሉ ማሽን ነው የሚወደው፤
መብራት ከጠፋበት፣ ግማሽ ራሱን ይዞ ደጄ ላይ ነው የሚያረፍደው።
ጥቂት ሽማግሎች ግን ቅዳሜ ሲመጡ፣
ኮፍያቸውን ሰቅለው፣ አንገት እየሰጡ፣
"በታጣፊው" ይላሉ፣ "በአባትህ ምላጭ"፤
ያለ ድንጋይ ደግሞ ማን በማን ይላጭ?

ከሱቅ ገዛሁ ቀዩን፣ ቻይና የሠራውን፤
ቢላዋ ይስላል፣ አያውቅም ፊት የሚባለውን፤
ስለቱን ጥርስ በጥርስ፣ መጋዝ አስመስሎ
የጋሽ እንግዳወርቅን ጉንጭ ሰደደው አቃጥሎ።

በሦስተኛው ቀን "አልዩ አምባ ውረድ" አለኝ፤
"ሙሄ ከሌለ ልጁን፣ 'የጌጡ ልጅ ነኝ' በልልኝ።
ቀለም አይተህ አትግዛ፤ እኔ ዓይን እያለኝ
ስንቱ ቆንጆ ድንጋይ ገንዘቤን በላኝ!
አንኳኩተህ ስማው፤ የተሰነጠቀ
እንደ ሐሰተኛ ነው፣ ድምፁ የታነቀ።"

ከአንኮበር ወዲያ መንገዱ ይጥላል፤
ጉሙ ትቶህ ይቀራል፣ ጆሮህ ጭው ይላል፤
ካፖርቴን አወለቅኩ፣ ሹራቤን ደገምኩ፣
ከጥጥና ከጫት ሻጩ መሐል ደረስኩ።

ሙሄ አልሞተም። ሽርጡን ሰብስቦ
ተቀምጧል ኬሻ ላይ፣ በድንጋይ ተከቦ፤
አንዱ አመድማ ነው፣ አንዱ የጉበት መልክ፣
አንዱ አረንጓዴ፣ የቅጠል ጀርባ ልክ።

አረንጓዴው ዓይኔን ጠራው። አንኳኳሁት፤
የታነቀ ድምፅ ነው። መልሼ አኖርኩት።
ጉበት መሳዩን አነሳሁ፤ ጥርት ያለ ጩኸት፤
ምራቄን ባሳርፍበት ቆየች ሳይጠጣት።

"ስንት ነው?"
"ስምንት መቶ።"
"ለድንጋይ?"
"ድንጋዩስ የአላህ ነው" አለኝ፣ "እኔ የምሸጠው
ከወንዙ እስከዚህ ድረስ ወገቤ ያለውን ነው።"

"አራት መቶ" አልኩት። "ምላጭ ይዘሃል?" አለ፤
ቀንድ እጀታዋን ሲዳብስ ሳቅ ፊቱ ላይ ዋለ፤
"ይቺማ የጌጡ ናት! የሰርጌ ለት እሱ ነው የላጨኝ፤
በል ሳላትና ላጨኝ፤ ዋጋውን ከዚያ ጠይቀኝ።"

ጀሪካን አዘነበለ።
ምላጩን አጋደምኩት፤ ሄደ፣ መጣ፣ ተመለሰ፤
ጭቃው እንደ ተልባ ውኃ ከስለቱ ፊት ፈሰሰ።

መንገደኛ ቆመ፣ ጫት ሻጩ ተጠጋ፤
ሙሄ አንገቱን ጣለ፣ እንደሚታረድ በግ፣ ግን ምንም ሳይሰጋ።
ጉንጩ አለቀ፣ አገጩ አለቀ፤ ጉሮሮው ላይ ስደርስ
ከጀርባዬ በርበሬ ተገለበጠና — ላስነጥስ!

አንድ የደም ጠብታ፣ ማንቁርቱ ሥር፣ በግራ፣
እንደ ቀጋ ፍሬ ቀስ ብሎ አፈራ።

ገበያው ዝም አለ። እኔ ላብ በላብ።
ሙሄ በጣቱ ነካው፣ አየው፣ በሽርጡ ጠረገው።
"መቼ ነው የቆረጥከኝ?" አለ። "አልተሰማኝም እኮ!
ስሙ እናንተ! ሰው ሲቆርጥ የማያሳምም ድንጋይ!
ዘጠኝ መቶ!"

በስምንት መቶ ሃምሳ ነው የተለያየነው፤
ሃምሳው የደም ነው።
"ደጋ ይበርደዋል" ብሎ በጥጥ ጠቀለለው።

ማታ አባቴ አጠገብ ድንጋዩን አራስኩት፤
ሽው... ሽው... ምላጩን ሳመላልስበት
"ይኼ ወጣት ነው" አለ፤ "ገና ብዙ ይጮኻል፤
አሥር ዓመት ሲገፋ ወሬውን ይተዋል።
ሙሄስ?"
"ደህና ነው። ቆረጥኩት።"
"ምኑ ላይ?"
"ማንቁርቱ ሥር፣ በግራ። በርበሬ አስነጥሶኝ..."

ሳሉ መጣ ብዬ ውኃ ላመጣ ተነሳሁ።
ሳል አልነበረም። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣
"ጠባሳው ላይ ነዋ!" አለ፤ "የሰርጉ ለት እኔ ያወጣሁት!
አንተስ በርበሬ አለህ፤
እኔ ያኔ ምን ብዬ ነበር ያመካኘሁት?"