የጣሳው ልጅ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓቱ ማማ ሥር እቆማለሁ፤
በግራ እጄ ጃንጥላ፣ በቀኝ ጣሳ እይዛለሁ።
ከተማችን ትንሽ ናት፤ የዌልስ ባሕር ዳርቻ፣
የሚሸተው ዓሣ ነው፣ የሚወራው ዝናብ ብቻ።
ጣሳው የብስኩት ነበር፤ ኢድዋል ክዳኑን በስቶ
አፍ አወጣለት ለሳንቲም፣ ጠርዙን በሞረድ ገርቶ።

ሆዱ ላይ ፎቶ አለ፤ የአምስት ዓመት ልጅ፣
ኮቱ የትልቅ ሰው፣ እጅጌው የዋጠው እጅ፤
ከሞልዶቫ ነው፣ ከወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ ደጅ።
"ቪዮሬል ይባላል" እላለሁ ለጠየቀኝ፤
ያልጠየቀኝም ዓይኑን አይቶ ሳይሰጥ አያልፈኝ።

ያልሆንነው ነገር የለም ለዚያ ቤት ማሞቂያ፦
ኢድዋል ገበያ መሐል፣ በብረት መታጠቢያ፣
በታሸገ ባቄላ ስጎ ተነክሮ እስካንገቱ
ሦስት ሰዓት ተቀመጠ፣ ክብሩ እንዳለ፣ ከነክራቫቱ።
ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ አርባ ዓመት በባቡር፣
"ዛሬ እኔ ነኝ ተሳፋሪው" ይላል፣ ከንፈሩ እስኪጠቁር።
ብሪን ዓሣ ሻጩ የሃያ ዓመት ጢሙን አጫረተ፤
ሚስቱ አሸንፋ ላጨችው፤ ገበያው በሣቅ ሞተ።
ኤሉነድ የሟች ባሏን አኮርዲዮን አምጥታ
አንዴ ብቻ አስተንፍሳው፣ ሄደች ለገዢው ሰጥታ።
እኔ? ጣሳ ያዝኩ እንጂ ሌላ ሙያ የለኝ፤
ስንት እንደጣላችሁ ድምፁ ነው የሚነግረኝ።

አሥራ አራት ዓመት። ጃንጥላ ሦስቴ ቀየርኩ።
ፎቶው በደበዘዘ ቁጥር አዲስ አሳተምኩ፤
ያው ልጅ፣ ያው ኮት፣ ያው ብርድ።

መጋቢት ላይ ደብዳቤ መጣ፣ በእጅ የተጻፈ፣
እንግሊዝኛው የሚንገዳገድ፣ ቁም ነገሩ ያልተዛነፈ፦

"ወይዘሮ ኔሪስ፤
ቪዮሬል ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ሞላኝ።
ብረት በያጅ ነኝ፤ የማሳደጊያውን አዲስ በር የሠራሁት እኔ ነኝ።
ማሞቂያው ደህና ነው፤ በበረዶው ወራት
ልጆቹ ካልሲያቸውን ያደርቁበታል። እግዜር ይስጥልኝ።
ከእናንተ ዘንድ የመጣ ሰው የጣሳውን ምስል አሳየኝ።
ያን ቀን አልረሳውም። ጥርሴ ወልቆ ነበር፣ የመጀመሪያዬ፤
ላገኘሁት ሁሉ ላሳይ ስሥቅ
ፎቶ አንሺው 'አፍህን ግጠም' አለኝ።
ኮቱም የእሱ ነበር።
እባክዎ ያውርዱኝ። ቆሜ ደከመኝ።
ሃምሳ ሌይ ልኬያለሁ፤ ለጣሳው ነው።"

ኮቴን ሳላወልቅ ሦስቴ አነበብኩት።
እንቁላሉ ቀስ በቀስ በእግሩ ሄዶ ብረት ሲበይድ፣
እኔ ነኝ ያቆምኩት በማያልቅ ብርድ።

ማታ ኩሽናዬ ውስጥ በሙቅ ውሃ ፋቅሁት፤
መጀመሪያ ኮቱ ለቀቀ፣ ጆሮውን ቀስ ብዬ አነሣሁት፤
ዓይኑ እምቢ አለኝ፤ ይቅር በለኝ እያልኩ በጥፍሬ ላጥሁት።

ስብሰባ ላይ ብሪን ጮኸ፦ "ፊት ለሌለው ማን ይሰጣል?
የታችኛው ፎቅ መስኮት ዘንድሮም ተሰብሮ ይቀራል!"
አልተሳሳተም ብሪን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ
ሲሦውን አላገኘሁም እስከ ማታ ቆሜ።

"ልጁስ?" ይሉኛል።
"አደገ።"
"ደስ ይላል!" ይላሉ፣ ከልባቸው፤
ሳንቲሙን እንደጨበጠ ኪስ ይገባል እጃቸው።
ስለ ወለቀው ጥርስ ስነግራቸው አንዳንዱ ይሥቃል፤
ከሣቀው አንዳንዱ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ሥቆ ያልፋል።
ኢድዋል ብቻ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣
ዳቦ ሊገዛበት የያዘውን ሁሉ ጣለ፤
"መስኮቱ እንጂ ፎቶው መቼ በረደው?" አለ።

ሃምሳ ሌዩን ከትቼዋለሁ። ወረቀት ነው፣ ድምፅ የለውም፤
ስንት ቅዳሜ ያሠለጠንኩት ጆሮዬ አልሰማውም።

ዝናቡ ሲያባራ ጣሳውን በመሐረቤ ስወለውል፣
ፎቶው በነበረበት፣ በባዶው ቆርቆሮ መሐል
አንዲት አሮጊት ታየችኝ፣ ደብዛዛ፣ ጃንጥላ የያዘች፣
ኮቷ የሰፋት፣
አፏን የገጠመች።